ከቃላት ደመና ውስጥ ትንንሾቹን ቃላት ፍለጋ

የቃላት ደመና ፊታችን ሲዘረጋ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው በትልቁ ቃል ላይ ነው። መሣሪያው የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ የመጣው ቃል ገዝፎ፣ አልፎ አልፎ ብቅ ያለው ደግሞ ኮስሶ ይታያል። የአንድን ረጅም ጽሑፍ ጭብጥ በአንድ እይታ ለመገመት ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ቃላትን ለማስተማር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪዎቼ ሊማሯቸው የሚገቡ ቃላት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚገኙት ጠርዝ ጠርዙን ይዘው፣ በትልልቆቹ መካከል ተሸጉጠው፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፈው ነው። ይህን መሣሪያ በቋንቋ ክፍል ውስጥ አጥብቄ የምወደው፣ የግድግዳ ጌጥ ብቻ ሆኖ ሳየውም የምቆጨው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ተቀብሎ በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እየተከተለ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። “ነው”፣ “እና”፣ “ግን”፣ “ወደ” የመሳሰሉትን፣ ያለ እነርሱ ዓረፍተ ነገር የማይቆምላቸውን ነገር ግን ብቻቸውን ብዙም የማይናገሩትን ቃላት አስቀድሞ በተሰጠው ዝርዝር መሠረት ያስወግዳል። ከዚያም የተረፉትን እንደ ድግግሞሻቸው አሳድጎና አሳንሶ አንዱን ከሌላው ጎን ይሰካል። ቀለሙ፣ አቅጣጫው፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው መጠኑ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስታንሊ ሚልግራም ከዴኒዝ ጆድሌ ጋር የፓሪስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚስሉ ሲያጠኑ፣ የቦታዎቹን ስሞች ሰዎች ባነሷቸው መጠን አግዝፈውና አሳንሰው በካርታ ላይ አስፍረዋል። በ2004 ፍሊከር የተባለው የፎቶግራፍ ማጋሪያ ድረ ገጽ ሰዎች ለፎቶዎቻቸው የሰጧቸውን መለያ ቃላት በዚህ መልክ ማሳየት ጀመረና ልማዱ ተስፋፋ። የመምህራንን ልብ የሳበው ግን በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጆናታን ፋይንበርግ ለሕዝብ ያቀረበው ዎርድል ነው። ማንም ሰው ጽሑፉን ለጥፎ በሰከንዶች ውስጥ ያማረ የቃላት ደመና ያገኝ ነበር። ፕሮግራሙ የተሠራበትን የጃቫ ቴክኖሎጂ የኢንተርኔት ማሰሻዎች መደገፍ ሲያቆሙ ዎርድልም እየተረሳ ሄደ፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚታወቀው በ2021 ለሕዝብ የቀረበው የቃል መገመቻ ጨዋታ ነው። ቦታውን ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች ተክተውታል።

በዚያን ጊዜ ከወጡት ጥናቶች አንዱ ዛሬም ለመምህር የሚጠቅም ይመስለኛል። ፈርናንዳ ቪዬጋስ፣ ማርቲን ዋተንበርግና ራሱ ፋይንበርግ በ2009 የዎርድልን ተጠቃሚዎች ሲያጠኑ፣ ከተጠቃሚዎቹ ቀላል የማይባሉት የፊደሉ መጠን ምን እንደሚያመለክት እንደማያውቁ ተረድተዋል። ደመናውን ራሳቸው የሠሩ ሰዎች ይህን ካላወቁ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያገኘው ተማሪማ እንዴት ያውቃል? ስለዚህ ከሁሉም በፊት የማደርገው ደመናውን ማንበብ ማስተማር ነው። አንድ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አንድ ቃል መርጠን አብረን እንቆጥራለን፤ ከዚያ የዚያው አንቀጽ ደመና ላይ ያንን ቃል እንፈልገዋለን። አጭር ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የሚቀጥለው ሁሉ መሠረት የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ንቦች የተጻፈ ሦስት መቶ ቃል ያህል ርዝመት ያለው ምንባብ አለ እንበል። ደመናውን ስናወጣ መሀል ላይ ገዝፈው የሚቆሙት “ንብ”፣ “ማር”፣ “አበባ”፣ “ቀፎ” ይሆናሉ። ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ልጅ ከእነዚህ አንዱም አዲስ አይደለም። በዳር በዳሩ ደግሞ በጭንቅ የሚነበቡ ሌሎች አሉ፦ “ብናኝ”፣ “እጭ”፣ “ሰም”፣ “ውዝዋዜ”፣ “ትቀስማለች”። ምንባቡን ለመረዳት የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው። ደመናውን አሳይቶ “ይህ ምንባብ ስለ ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ መምህር “ስለ ንብ!” የሚል አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ አንድም ቃል ግን አልተማሩም።

ይህ የአንድ ምንባብ አጋጣሚ አይደለም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በስፋት እንዳሳወቀው፣ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ ውስጥ በድግግሞሽ ሁለተኛ የሆነው ቃል የአንደኛውን ግማሽ ያህል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲሶ ያህል ጊዜ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ጥቂት ቃላት አብዛኛውን ቦታ ሲይዙ፣ እጅግ ብዙ ቃላት አንዴ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። በአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት የተለያዩ ቃላት ግማሽ ያህሉ አንድ ጊዜ ብቻ የመጡ ሆነው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም። መሣሪያው በድግግሞሽ ቀዳሚ የሆኑትን ሃምሳ ቃላት ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ እነዚህ በደመናው ላይ ጭራሽ አይታዩም። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚታዩትን ቃላት ብዛት መወሰኛ ቦታ አለ፤ እኔ መጀመሪያ የምነካው እርሱን ነው። ደመናው ቢጨናነቅም፣ ውበቱን ቢያጣም፣ አንዴ ብቻ የመጡት ቃላት እንዲገቡ አደርጋለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ቁጥር አለ። ማርሴላ ሁ እና ፖል ኔሽን በ2000 ባወጡት ጥናት፣ የእንግሊዝኛ ተማሪ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት በውስጡ ካሉት ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። ከሃምሳ ቃላት አንዱ ብቻ እንግዳ ቢሆን ማለት ነው። ባለ ሦስት መቶ ቃሉን የንብ ምንባባችንን በዚህ ብንለካው ገደቡ ስድስት እንግዳ ቃላት ነው። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥረኛው ሲጨመር አንባቢው መንገዱን መሳት ይጀምራል። ያንን ልዩነት የሚፈጥሩት ቃላት የት እንዳሉ ደግሞ አሁን እናውቃለን።

እርግጥ ትንሽ የሆነ ቃል ሁሉ መማር ያለበት አይደለም። ሐንስ ፒተር ሉን የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ በ1958 ጽሑፎችን በኮምፒውተር ማሳጠር ሲሞክር፣ እጅግ የተደጋገሙትም እጅግ ብርቅ የሆኑትም ቃላት ስለ ጽሑፉ ይዘት ብዙ እንደማይናገሩ፣ ቁም ነገሩ ያለው መካከል ላይ እንደሆነ ጽፏል። እንግሊዛዊቷ ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 ሌላ እርምጃ ጨመረች፦ አንድ ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ማነሱም ክብደቱን ይወስናል። ዛሬ የኢንተርኔት ፍለጋ ከቆመባቸው መሠረቶች አንዱ ይህ ሐሳብ ነው። መምህር ግን ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅ ይኖርበታል፦ ይህ ቃል እዚህ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢመጣም ተማሪዎቹ በሌላ መጽሐፍ፣ በሌላ ትምህርት፣ በሌላ ዓመት ያገኙት ይሆን? አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ኢዛቤል ቤክና ባልደረቦቿ ቃላትን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ፤ ሁሉም የሚያውቃቸው የዕለት ተዕለት ቃላት፣ በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ የሚመላለሱ ቃላት፣ የአንድ ሙያ ብቻ የሆኑ ቃላት። በክፍል ውስጥ ብዙ ድካም የሚገባቸው የመካከለኛዎቹ ናቸው ይላሉ፤ እኔም በዚህ አምናለሁ።

በንቦቹ ምንባብ ውስጥ “እጭ” የሙያ ቃል ነው። በሥዕል ይታያል፣ ይታለፋል። “ትቀስማለች” ግን ሌላ ነው። ንብ ከአበባ ትቀስማለች፤ ሰው ከትምህርት፣ ከልምድ፣ ከታላላቆቹ ይቀስማል። ይህን ቃል የያዘ ተማሪ ከንቦቹ ርቆም ይጠቀምበታል። ደመናው ላይ ግን በአጉሊ መነጽር የሚፈለግ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ያነሰው በምንባቡ ውስጥ ስላልተደጋገመ አለመሆኑ ነው። አንድ ቦታ “ትቀስማለች”፣ ሌላ ቦታ “ቀስማ”፣ ዝቅ ብሎ “ለመቅሰም”፣ መጨረሻ ላይ “የቀሰመችውን” ተብሎ አራት ጊዜ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ የሚያየው በክፍት ቦታ መካከል ያለውን የፊደል ሰልፍ ብቻ ስለሆነ እነዚህን አራት የማይተዋወቁ ቃላት አድርጎ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ቆጠራቸው።

አማርኛን በቃላት ደመና ለማስተማር የሚሞክር ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። በእንግሊዝኛ “በ”፣ “ከ”፣ “የ”፣ “ለ” የሚሉት ለብቻቸው ቆመው ይወገዳሉ፤ በእኛ ግን ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። “ቀፎ”፣ “ቀፎው”፣ “በቀፎው”፣ “ከቀፎዎቹ” አራት ቃላት ሆነው ይበተናሉ። የፊደል ምርጫም አለ፤ “ፀሐይ”፣ “ጸሐይ”፣ “ፀሀይ” ብለው የጻፉ ሦስት ተማሪዎች በደመናው ላይ ሦስት ትንንሽ ፀሐዮች ያወጣሉ። እንደ “የአበባ ብናኝ” ያሉ ሁለት ሆነው አንድ ነገር የሚሰይሙ ቃላትም ይለያያሉ። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ስለገባ አብዛኛው መሣሪያ ያነበዋል፤ ሆኖም የሚመረጠው የፊደል ቅርጽ ግእዝን ካላካተተ በቃላት ምትክ ባዶ ሣጥኖች ይወጣሉ።

በአንድ ነገር ግን አማርኛችን ተጠቃሚ ነው። በእንግሊዝኛ ማፍረሻው ቃል ብዙ ጊዜ ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ “አይነድፉም” ለማለት የተጻፈው ደመናው ላይ “ይነድፋሉ” መስሎ ሊታይ ይችላል። በእኛ አሉታው ከግሱ ጋር ስለተሠራ “አይነድፉም” ራሱን ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ቢያንስ በዚህ አይታለልም።

ችግሩን ማረሚያ ሁለት መንገዶች አሉኝ። አንደኛው ምንባቡን ወደ መሣሪያው ከማስገባቴ በፊት ማዘጋጀት ነው፤ ቅጥያዎቹን አራግፌ፣ የፊደል አጻጻፉን አንድ አድርጌ፣ ጥምር ቃላቱን በሰረዝ አያይዤ አስገባለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ላጭር ምንባብ ግን የሚቻል ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ጭራሽ መተው ነው፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ የምወደው ይኼኛውን ነው።

ተማሪዎቹ በቡድን ይቀመጣሉ፤ ምንባቡ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣቸዋል። ቃላቱን ራሳቸው ቆጥረው ደመናውን በእጃቸው እንዲሠሩ እጠይቃቸዋለሁ። ያን ጊዜ ክርክሩ ይጀምራል። “ንብ” እና “ንቦች” አንድ ናቸው? በዚህ ሁሉም ቶሎ ይስማማል። “ትበራለች” እና “በረራ”ስ? አንዱ ድርጊት ነው፣ አንዱ የድርጊቱ ስም ነው የሚል ተማሪ ይነሣል። “በራሪ” ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። “በረራ” እና “በር” ፊደላቸው ቢቀራረብም ቤተሰብ እንዳልሆኑ የሚያስረዳ ሌላ ተማሪ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በሰዋስው መጽሐፍ ላይ የቃል ሥር፣ ግንድ፣ ቅጥያ እየተባለ በሕግ መልክ ሲቀርብ የሚያንቀላፉ ልጆች፣ አንድ ቃል ስንት ተብሎ ይቆጠር በሚለው ላይ እንዲህ ይፋጫሉ። የማንም ቡድን ደመና ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም፤ እንዲሆንም አልፈልግም። እያንዳንዱ ቡድን ለምን አንዱን ቃል ከሌላው ጋር እንዳዋሐደ ለክፍሉ ያስረዳል። በዚያ ማስረዳት ውስጥ የቋንቋው አሠራር ሁሉ ይወጣል።

ኮምፒውተሩ የሠራውን ደመና ደግሞ ከንባብ በፊት እጠቀምበታለሁ። ከሁሉም አጠቃቀሞች ይህኛው የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ምንባቡን ያላዩ ተማሪዎች ደመናውን ብቻ ያያሉ። የምጠይቃቸው “ትልቁ ቃል የትኛው ነው?” ብዬ አይደለም። “እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል ያላችሁት ቃል የቱ ነው?” እላለሁ። ያኔ ዓይኖች ከመሀል ወደ ዳር ይሄዳሉ። “ውዝዋዜ” የሚለውን አንዷ ታገኛለች። ንብና ውዝዋዜ ምን አገናኛቸው? ግምቶች ይዘንባሉ፤ ሰዎች ማር ሲቆርጡ ይጨፍራሉ የሚል አለ፤ ንብ የነደፈው ሰው የሚያደርገው መወራጨት ነው የሚል አለ፤ አበባው በነፋስ ሲወዛወዝ ነው የሚልም አለ። “ፀሐይ” እና “አቅጣጫ” የሚሉትም እዚያው አካባቢ ይገኛሉና ሌላ ግምት ይወለዳል፦ ንቦች ከፀሐይ ለመሸሽ አቅጣጫ ይቀይራሉ። ግምቶቹን ሁሉ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ የትኛው ልክ እንደሆነ አልናገርም። እያንዳንዱ ተማሪም ከትንንሾቹ ቃላት ቢያንስ ሁለቱን አጋጥሞ በምንባቡ ውስጥ ይኖራል ብሎ የሚገምተውን ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይጽፋል።

ከዚያ ይነበባል። ምግብ ያገኘች ሠራተኛ ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ በማር እንጀራው ላይ እየተወዛወዘች በስምንት ቁጥር ቅርጽ ትዞራለች፤ የውዝዋዜዋ አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር በየት በኩል እንዳለ፣ የቆይታዋ ርዝማኔ ደግሞ ምን ያህል እንደሚርቅ ለእህቶቿ ይነግራቸዋል። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያነቡ ከራሳቸው ግምት ጋር እየተሟገቱ ነው የሚያነቡት። አንዱም ልክ ሳይገምት ሊቀር ይችላል፤ ግን “ውዝዋዜ”ን፣ “አቅጣጫ”ን፣ “አንጻር”ን እየፈለጉ ነበርና ሲያገኟቸው ዝም ብለው አያልፏቸውም። የቃሉን ፍቺ ቀድሜ በዝርዝር ብሰጣቸው ኖሮ ይህ ረሃብ አይኖርም ነበር። ፈርገስ ክሬክና ሮበርት ሎክሃርት በ1972 እንዳቀረቡት፣ ነገር በአእምሮ የሚቆየው በጥልቀት ባሰብንበት መጠን ነው፤ ላዩን በዓይን መዳሰስ ብዙ አያስቀምጥም።

በቃላት ደመና ላይ የሚነሣው ትችት ጠንካራ ነው። የኒውዮርክ ታይምስ የሶፍትዌር ባለሙያ የነበረው ጄኮብ ሃሪስ በ2011 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጋዜጠኞች የቃላት ደመናን በትንተና ምትክ ማቅረባቸውን አጥብቆ ነቅፏል። ቃላቱ ከዐውዳቸው ተነቅለዋል፣ አንባቢው በራሱ ግምት እንዲሞላው ተትቷል ነው ክሱ። ለዜና ሥራ ይህ ፍጹም ትክክል ነው፤ አንባቢ ዐውዱን ከጋዜጠኛው የመጠበቅ መብት አለው። በክፍል ውስጥ ግን ያ ጉድለት ራሱ የተማሪው ሥራ ይሆናል። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. ፈርዝ ቃል የሚታወቀው በባልንጀሮቹ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ደመናው ባልንጀሮቹን ይበትናል፤ ተማሪው መልሶ ይሰበስባቸዋል። ስለዚህ ከንባብ በኋላ ያንኑ ደመና አትሜ እሰጣቸዋለሁና በምንባቡ ውስጥ አብረው የዋሉትን ቃላት በመስመር እንዲያገናኙ እጠይቃለሁ፤ “ማር” ከ“ይቆረጣል” ጋር፣ “ጽጌ” ከ“ፈካ” ጋር፣ “ንብ” ከ“ነደፈች” ጋር። ማር “ይታጨዳል” እንደማይባል ያ መስመር ያሳያቸዋል። መስመሩ የማይደርስበት ቃል ካለ ገና አልተማሩትም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ደመናው ከምንባብ ይውጣ እንጂ ከቃላት ዝርዝር አይሠራ። የቀለማትን ስሞች ሁሉ፣ ወይም የስሜት ቃላትን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ደመና ማቅረብ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ቶማስ ቲንካም በ1993፣ ሮብ ዌሪንግ በ1997 ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ በትርጉም የሚመሳሰሉ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ላይ መማር ከማይመሳሰሉ ቃላት ይልቅ እንደሚከብድ ታይቷል፤ እርስ በርስ ይምታታሉ። “ቅሬታ”፣ “ቁጭት”፣ “ጸጸት”፣ “ቂም” በአንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረቡለት ተማሪ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። በአንድ ታሪክ ውስጥ አብረው የሚውሉ ግን የማይመሳሰሉ ቃላት፣ እንደ “ቀፎ”፣ “ብናኝ”፣ “ውዝዋዜ” ያሉት፣ ያን ያህል አያምታቱም። የሚመሳሰሉትን ቃላት የያዘ ደመና ለክለሳ ይሁን፤ ተማሪው እያንዳንዱን ለብቻው ካወቀ በኋላ ልዩነታቸውን ሊመዝንበት ይችላል።

ስለ መልኩም ጥቂት ልበል። ቃላቱ ቀጥ ብለው ይጻፉ፤ ወደ ጎን የተጋደመ ቃል ማንበብ ለጀማሪ ድካም ነው። ቀለም ከአንድ ወይም ከሁለት አይብለጥ፤ ብዙ ቀለም ሲኖር ተማሪው ትርጉም ያለው መስሎት ይፈልገዋል፤ ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ልጅም በክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ረጅም ቃል ከአጭር ቃል ጋር እኩል ቢደጋገምም ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የገዘፈ ይመስላል፤ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል።

ተማሪዎች በስልካቸው ቃል ልከው ደመናው በግድግዳው ላይ ሲያድግ የሚታይበት፣ እንደ ሜንቲሜትር ያለ መሣሪያም አለ። አንድ አዲስ ቃል ሰጥቼ “ሲነገር ምን ትዝ ይላችኋል?” ብዬ ስጠይቅ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ቃሉን ይልካል፤ ስሙ አይታይም፣ ቃሉ ይታያል። ብዙዎች የላኩት ይገዝፋል። እኔ ግን አንድ ሰው ብቻ የላከውን ቃል አንሥቼ ስለ እርሱ እናወራለን፤ ማን እንደላከው ሳልጠይቅ። ይህን ማድረግ ካልቻልን መሣሪያው የብዙኃኑን ድምፅ ብቻ አጉልቶ ዝምተኛውን ልጅ መልሶ ዝም ያሰኘዋል።

ቃሉ እንዲቆይ ደግሞ መመለስ ያስፈልጋል። ሔርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ የሸመደድነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚሸሽ ካሳየ ወዲህ፣ እያሰለሱ መከለስ መድኃኒቱ መሆኑ ታውቋል። ለዚህ የምጠቀመው ቀዳዳ ያለው ደመና ነው። ከቀናት በኋላ ያንኑ ደመና ትንንሾቹን ቃላት ፍቄ አመጣዋለሁ፤ በቦታቸው የመጀመሪያ ፊደላቸውና ባዶ መስመር ብቻ ይኖራል። “ብ”፣ “ው”፣ “አ”። ተማሪዎቹ ምንባቡን እያስታወሱ ይሞላሉ። ኖርማን ስላሜካና ፒተር ግራፍ በ1978 ሰው ራሱ ያመነጨውን ቃል ካነበበው ይልቅ እንደሚያስታውስ አሳይተዋል፤ በባዶው መስመር ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያ ፊደሉም ይጠፋል። ትልልቆቹ ቃላት በቦታቸው ይቆያሉ፤ አሁን ሥራ አግኝተዋል፣ የጠፉትን ወደ ትዝታ መጥሪያ ሆነዋል።

በመጨረሻም የተማሪው የራሱ ድርሰት አለ። ድርሰቱን በደመና ሲያየው “በጣም”፣ “ጥሩ”፣ “ነገር” ገዝፈው መሀል ላይ ይቆማሉ። በቀይ ብዕር አስምሬ ብሰጠው ይከፋው ነበር፤ ደመናውን ግን በጉጉት ያየዋል፣ “ይህን ያህል ‘ነገር’ ብያለሁ?” ይላል፣ እርማቱንም ራሱ ይጀምራል። ድግግሞሽ ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነ ግን እነግራቸዋለሁ። ስለ እናቱ የጻፈ ልጅ “እናቴ” የሚለው ቃል ቢገዝፍበት ሊያፍርበት አይገባም፤ ሌላ ቃል ፈልግ ብሎ ማስገደድ ጽሑፉን ማበላሸት ነው።

የጎደለኝ አንድ መሣሪያ አለ፤ ይህን የሚያነብ የፕሮግራም ባለሙያ ካለ ልጠይቀው እወዳለሁ። ማይክል ጋሰር ያዘጋጀው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው መተንተን ይችላል። እንዲህ ያለው ተንታኝ ከደመና ሠሪ ጋር ቢጋባ “ትቀስማለች”፣ “ቀስማ”፣ “ለመቅሰም”፣ “የቀሰመችውን” በአንድ ሥር ተሰብስበው ይቆጠራሉ። መምህሩ ቃሉን ሲነካው አራቱም ቅርጾች ከነዓረፍተ ነገራቸው ይዘርዘሩለት። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ ይቁጠር፣ ተማሪው የጻፈበትን ፊደል ግን አይቀይርበት። ሌላም ልመና አለኝ፤ መጠኑን የሚገለብጥ አንድ ቁልፍ ይኑረው። ሲጫኑት አብዝቶ የተደጋገመው ይነስ፣ አንዴ ብቻ የመጣው ይግዘፍ፣ “እጭ” እና “ብናኝ” መሀል ላይ ይቁሙ፣ “ንብ” ጠርዝ ይያዝ።